በአርም ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ለመጫን የትኛው ማሽን፣ የትኛው ዲስትሮ? ለሐዋሳ ተጠቃሚዎች የቀረበ ንጽጽር

በኢንቴል ወይም በኤኤምዲ ፕሮሰሰር በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ መጫን ዛሬ ብዙ የሚያነጋግር ሥራ አይደለም፤ ፍላሽ ይዘጋጃል፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ይደረጋል፣ ለጥቂት ጥያቄዎች መልስ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። አርም በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ግን ያው ፍላሽ በአንዱ ላይ ያለ ችግር ሲነሣ በሌላው ላይ ጥቁር ስክሪን ያሳያል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ ተነሥቶ ድምፅ ወይም ዋይፋይ ያጣል። ብዙ ሰው «የትኛው ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱና ዴቢያን ያለ ተሰናድቶ የሚቀርብ የሊኑክስ ዓይነት) ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። በአርም በኩል ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ስለ ማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ከተመረጠ ዲስትሮው አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ተመርጧል።

የልዩነቱ ምክንያት ይህ ነው። የተለመደው ኮምፒውተር ሲበራ በውስጡ ምን ምን አካል እንዳለ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚያሳውቅበት የጋራ ሥርዓት አለው፤ ዩኢኤፍአይ እና ኤሲፒአይ የሚባሉት ደንቦች ለዚሁ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙዎቹ የአርም ማሽኖች ይህን አያደርጉም። የእያንዳንዱ ሞዴል አካላት የት እንዳሉና እንዴት እንደተያያዙ የሚገልጽ፣ ዲቫይስ ትሪ የተባለ ፋይል ከከርነሉ፣ ማለትም ከሊኑክስ እምብርት ፕሮግራም፣ ጋር አብሮ መቅረብ አለበት። ለዚያ ሞዴል ፋይሉ ካልተዘጋጀ፣ ፕሮሰሰሩ ከሌላ ከሚሠራ ማሽን ጋር አንድ ቢሆንም እንኳ፣ ሲስተሙ በአግባቡ አይነሣም።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ እንግዲህ የአነሣሡ መንገድ ነው፤ ማሽኑ ማንኛውንም የአርም መጫኛ ፍላሽ ይቀበላል ወይስ ለእርሱ ብቻ የተሰናዳ ምስል (ሙሉ ሲስተሙን የያዘ ፋይል) ይፈልጋል? ሁለተኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ የማሽኑ ድጋፍ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ ገብቷል ወይስ አምራቹ ብቻ በሚያሠራጨው አሮጌ ከርነል ላይ የተንጠለጠለ ነው? በአምራቹ ከርነል ላይ የተንጠለጠለ ማሽን አምራቹ ፊቱን ወደ አዲስ ሞዴል ባዞረ ዕለት የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘቱን ያቆማል።

ሦስተኛው የሶፍትዌር ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ገዢ የሚጎዳው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። ኮዳቸው ክፍት የሆኑት ፕሮግራሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም በአርም ላይ ይሠራሉ፦ ፋየርፎክስ፣ ክሮሚየም፣ ሊብረኦፊስ፣ ጂምፕ፣ ኢንክስኬፕ፣ ለካርታ ሥራ ኪውጂአይኤስ፣ ለስታቲስቲክስ አር፣ ለፕሮግራመር ደግሞ ፓይተንና ፖስትግሬስኪውኤል። ኮዳቸው የተዘጋ ፕሮግራሞች ግን አዘጋጁ ድርጅት ለአርም ሊኑክስ ብሎ ካላወጣቸው የሉም። ዙም በብሮውዘር እንጂ እንደ ፕሮግራም አይጫንም፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ለአርም ሊኑክስ የተዘጋጀ ይፋዊ እትም የለውም፤ በምርምር ተማሪዎች ዘንድ የተለመደው ኤስፒኤስኤስም እንዲሁ። ሒሳብ ሠራተኞች የሚገለገሉበት ፒችትሪና በየቢሮው የምናገኘው ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው። ቦክስ64 እና ፌክስ የሚባሉ፣ ለኢንቴል የተጻፈ ፕሮግራምን በአርም ላይ የሚያስኬዱ መሣሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ለጨዋታና ለሙከራ ይጠቅማሉ፣ የድርጅት ሒሳብ ግን በእነርሱ ላይ አይጣልም።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ ሥጋት አይግባ። የአማርኛ ኪቦርድ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ «ሰላም»ን በላቲን ፊደል እየነኩ ለመጻፍ የለመደ ሰው አይባስ ከተባለው የኪቦርድ ማስተዳደሪያ ጋር ኤም17ኤን የተባለውን ተጨማሪ ይጭናል፣ ወይም ኪይማንን ይጠቀማል። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የግዕዝ ፎንቶችም በነጻ ይገኛሉ። እነዚህ ሁሉ በአርምም ሆነ በኢንቴል ላይ አንድ ናቸው። ችግር የሚሆነው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ነው፤ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተዘበራርቀው ይታያሉ። እንዲህ ያለ ፋይል ያከማቸ መሥሪያ ቤት ዊንዶውስ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ ለውጦ መጨረስ ያለበት ከመግዛቱ በፊት ነው።

ፕሪንተርም ከሶፍትዌር ይቆጠራል። ድራይቨር ሳይጭኑ በኔትወርክ የሚያትሙት አዳዲስ ፕሪንተሮች ከአርም ሊኑክስ ጋር ብዙውን ጊዜ ይግባባሉ፤ በዩኤስቢ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ የሌዘር ፕሪንተሮች ውስጥ ግን አምራቹ ድራይቨሩን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ብቻ ያወጣላቸው አሉ። ለማተሚያና ለጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ምክሬ አጭር ነው፤ የፕሪንተራችሁን ሞዴል ይዛችሁ ለአርም 64 ቢት ድራይቨር እንዳለው ሳታረጋግጡ ማሽን አትግዙ።

የቀሩት መመዘኛዎች የከተማችን ናቸው። በሐዋሳ መብራት ሳይታሰብ ሊጠፋ ስለሚችል ማሽኑ ስንት ዋት እንደሚወስድና ድንገት ሲቋረጥበት ዳታው ምን እንደሚሆን መታየት አለበት። ቢበላሽ እዚሁ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ጥገና ቤቶች መለዋወጫ ይገኝለታል ወይስ ወደ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መላክ አለበት? በመጨረሻም የዳታ ወጪ አለ፤ በየሳምንቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ማሻሻያ የሚጠይቅ ሲስተም በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ለሚሠራ ሰው የማያቋርጥ ወጪ ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ 5

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የወጣው ይህ አነስተኛ ቦርድ በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠሩ 4 የኮርቴክስ ኤ76 ኮሮች አሉት፤ ሚሞሪው ከ1 እስከ 16 ጊጋባይት ነው። ሲስተሙ ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ ይባላል፤ በዴቢያን ላይ የተመሠረተ ነው፣ አምራቹ ራሱ ይንከባከበዋል። አጫጫኑ ከሁሉም ይቀላል፤ ኢሜጀር የተባለውን ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ የተጠቃሚ ስምና የዋይፋይ ይለፍ ቃል አስገብቶ፣ ወደ ሚሞሪ ካርድ ወይም ወደ ኤስኤስዲ መጻፍ ነው። ኡቡንቱ 24.04ም በዚህ ቦርድ ላይ በይፋ ይደገፋል።

ጉድለቱ ከቦርዱ ይልቅ በዙሪያው ነው። ሙሉ አቅሙን ለመስጠት 5 ቮልት በ5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 27 ዋት ቻርጀር ይፈልጋል። በ3 አምፔር ቻርጀር ቢነሣም ወደ ዩኤስቢ መሰኪያዎቹ የሚያሳልፈው ኃይል በጠቅላላው ወደ 600 ሚሊአምፔር ይወርዳል፤ በዚህ ብዙዎቹን ኤክስተርናል ዲስኮች ማንቀሳቀስ ያስቸግራል። ለራውተር ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ ዩፒኤሶችም ብዙዎቹ ይህን ያህል አምፔር በ5 ቮልት ስለማይሰጡ፣ ቦርዱን ከራሱ ቻርጀር ጋር በተለመደው የኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ መሰካት ይሻላል። ፓይ 5 ያለ ተጨማሪ ዕቃ ሲሠራ ከ12 ዋት ብዙም ስለማይዘል አንድ መካከለኛ ዩፒኤስ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል፤ ሞኒተሩ ከቦርዱ የበለጠ ይበላል።

የሚሞሪ ካርድ ነገር ለብቻው ይነሣ። ካርድ ላይ በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ሲጠፋ ፋይል ብቻ ሳይሆን ሲስተሙ ጭምር ሊበላሽ ይችላል። ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚውል ማሽን በካርድ መሥራት የለበትም፤ ፓይ 5 ለኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ የሚያገለግል ማያያዣ ስላለው ተጨማሪ ሰሌዳ ተገዝቶ ዲስክ ይገጠምለት። እንዲሁም በቦርዱ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ቢኖርም ባትሪው ለብቻው ነው የሚገዛው። ያለ ባትሪ ኃይል የተቋረጠበት ማሽን ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ የተሳሳተ ቀን ይይዛል፤ ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር ደግሞ ብዙ ድረ ገጾችን «ደኅንነቱ ያልተረጋገጠ» እያለ ይከለክላል። ማቀዝቀዣም ያስፈልገዋል፤ ወደ 80 ዲግሪ ሲቃረብ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ቦርዱን፣ ቻርጀሩን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ሳጥኑን፣ የኤስኤስዲውን ሰሌዳ፣ ዲስኩን፣ የማይክሮ ኤችዲኤምአይ ገመዱንና ባትሪውን ደምሮ ያየ ሰው ከርካሽነቱ ግማሹ እንደጠፋ ይገነዘባል። የ8 ጊጋባይቱ ቦርድ ሲወጣ 80 ዶላር ነበር፣ በኋላ በሚሞሪ ዋጋ ምክንያት ጨምሯል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ የብር ዋጋውን በገዙበት ቀን እንጂ ቀድሞ መናገር አይቻልም።

የሮክቺፕ አርኬ3588 ቦርዶች

ኦሬንጅ ፓይ 5 ፕላስና ራድዛ ሮክ 5ቢ ከዚህ ወገን ናቸው። 4 ፈጣንና 4 ቀርፋፋ ኮሮች አሏቸው፤ እስከ 32 ጊጋባይት ሚሞሪ ያላቸው ሞዴሎች ይገኛሉ፤ በወረቀት ላይ ሲታዩ ከፓይ 5 ይበልጣሉ። ድጋፉ ግን በሁለት ተከፍሎ ኖሯል፤ በአንድ በኩል የአምራቹ አሮጌ ከርነል፣ በሌላ በኩል በየእትሙ እየተሟላ የመጣው ዋናው ከርነል። የግራፊክስ ድራይቨሩ ወደ ዋናው ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው 6.10 እትም ነው። ለእነዚህ ቦርዶች አርምቢያን ከአምራቹ ምስል ይመረጣል፤ ማኅበረሰቡ የሚንከባከበው በመሆኑ ማሻሻያው በአምራቹ ብቻ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። እኔ እነዚህን ቦርዶች የምመክረው ከርነል ምን እንደሆነ ለሚያውቅና ሲበላሽ ራሱ ለሚያስተካክል ሰው ብቻ ነው።

ኤም1 እና ኤም2 የአፕል ኮምፒውተሮች

ያገለገለ ማክ ሚኒ ወይም ማክቡክ ያለው ሰው ለአርም ሊኑክስ በፍጥነቱ ከፓይ እጅግ የሚበልጥ ማሽን በእጁ አለ ማለት ነው። አፕል የመጀመሪያውን ኤም1 ያወጣው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ሲሆን፣ አሳሂ የተባለው ፕሮጀክት ያለ አምራቹ ሰነድ ድራይቨሮቹን ከባዶ ጽፎ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ፌዶራ አሳሂ ሪሚክስ ለተጠቃሚ ቀረበ። የተሟላው ድጋፍ ለኤም1 እና ለኤም2 ትውልዶች ነው፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡትን ሊኑክስ ለመጫን ብሎ መግዛት አይገባም።

እዚህ ፍላሽ አይሠራም። መጫኛው ከማክኦኤስ (ከአፕል የራሱ ሲስተም) ተርሚናል፣ ትእዛዝ በጽሑፍ ከሚሰጥበት መስኮት፣ ውስጥ ይነሣል፤ ለማክኦኤስ የተወሰነ ቦታ አስቀርቶ በቀረው ላይ ሊኑክስን ያሰፍራል። ማክኦኤስን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይመከርም፤ የፈርምዌር (በሃርድዌሩ ውስጥ የሚቀመጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ የሚመጣው በእርሱ በኩል ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ የቀድሞው ባለቤት የአፕል መለያውን ከማሽኑ ማውጣቱና የድርጅት ቁጥጥር ቁልፍ አለመኖሩ፤ የተቆለፈ ማክ ላይ መጫኛው አይሄድም። ሁለተኛ፣ የሚሞሪው መጠን፤ በኋላ ማሳደግ ስለማይቻል 8 ጊጋባይቱን የገዛ ሰው ከ8 ጊጋባይት ጋር ይኖራል። ሦስተኛ፣ ሞኒተር የት እንደሚሰካ፤ በመደበኛው የሪሚክስ እትም በዩኤስቢ ሲ በኩል ኤክስተርናል ሞኒተር አይሠራም፣ የማክ ሚኒው ኤችዲኤምአይ ግን ይሠራል። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ የሥራ ኮምፒውተር ከማክቡክ ኤየር ማክ ሚኒ ይመረጣል። የኃይል ፍጆታውም ቀላል ነው፤ የኤም1 ማክ ሚኒ ሙሉ ጫና ላይ ሲሆን የሚወስደው ወደ 39 ዋት ነው፣ ያለ ሥራ ሲቀመጥ ደግሞ ወደ 7።

ድክመቱ ጥገና ነው። ሚሞሪውና ፕሮሰሰሩ አንድ ላይ የተጣመሩ ስለሆኑ ቦርዱ ከተበላሸ ለአብዛኛው የጥገና ቤት ሥራው ቦርዱን መለወጥ ይሆናል። ሌላው ድክመት ፌዶራ ራሱ ነው፤ አንድ እትም የሚደገፈው ለ13 ወር ገደማ በመሆኑ በየዓመቱ ትልቅ ማሻሻያ ማውረድ ግድ ይላል።

ማክኦኤሱን መንካት የማይፈልግ ሰው ዩቲኤም በተባለ ነጻ ፕሮግራም ውስጥ ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን እንደ ቨርቹዋል ማሽን (በማክኦኤሱ ውስጥ እንደሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር) ማስኬድ ይችላል። ለትምህርትና ለሙከራ ይህ ይበቃል፤ ዲስትሮዎችን በእውነት እርስ በርስ ማወዳደር የሚቻለውም እዚህ ነው።

የስናፕድራገን ኤክስ ላፕቶፖች

እ.ኤ.አ. በ2024 አጋማሽ ከዊንዶውስ ጋር የወጡት እነዚህ ላፕቶፖች በፍጥነትም በባትሪ ቆይታም የተመሰገኑ ናቸው፣ የተመሰገኑት ግን በዊንዶውስ ነው። በሊኑክስ በኩል እያንዳንዱ ሞዴል የራሱን ዲቫይስ ትሪ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ፈርምዌር ዊንዶውሱ ካለበት የዲስክ ክፍልፍል ተቀድቶ መወሰድ አለበት፤ ካሜራ፣ ድምፅና እንቅልፍ ሁነታ ከሞዴል ሞዴል ይለያያሉ። ኡቡንቱ ለጥቂት ሞዴሎች የሙከራ ምስል አዘጋጅቷል፤ 25.04 እትሙም ለአርም ዴስክቶፕ አጠቃላይ መጫኛ ይዞ መጥቷል። ቱክሲዶ የተባለው የጀርመን ሊኑክስ ላፕቶፕ አምራች እንኳ በዚህ ፕሮሰሰር ሊሠራ ያቀደውን ላፕቶፕ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 አቋርጧል። አሁን ለሊኑክስ ብሎ ይህን መግዛት ልክ አይመስለኝም። ቀድሞ የገዛ ሰው ግን ዊንዶውሱን ሳያጠፋ በጎን ይሞክር።

አምፔር አልትራ

ይህ በእውነት ዎርክስቴሽን ሊባል የሚገባው ነው፦ ከ32 እስከ 128 ኮር፣ ሊቀየር የሚችል ሚሞሪ፣ ግራፊክስ ካርድ የሚሰካበት ማስገቢያ። ዩኢኤፍአይን በደንቡ መሠረት ስለሚከተል ዴቢያን፣ ኡቡንቱ፣ ፌዶራና ኦፕንሱዜ ከተራ ፍላሽ ይጫኑበታል፤ ስለ አጫጫኑ ከዚህ በላይ የሚባል የለም። ዋጋው ግን የተቋም እንጂ የግለሰብ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ብቻውን እንደየዓይነቱ እስከ 250 ዋት ስለሚወስድ ከባድ ዩፒኤስና ጄኔሬተር የሌለው ቦታ አይገባም። ለዩኒቨርሲቲ የምርምር ክፍል ወይም ብዙ ተማሪ በአንድ ማሽን ላይ በርቀት ለሚሠራበት ላብ ይታሰባል።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | አነሣሥ | የሚስማማ ዲስትሮ | ኃይል | ዋናው ጉድለት |
|---|---|---|---|---|
| ራስፕቤሪ ፓይ 5 | የራሱ ምስል | ራስፕቤሪ ፓይ ኦኤስ፣ ኡቡንቱ | በጣም ትንሽ | ተጨማሪ ዕቃ ይበዛል |
| አርኬ3588 | የራሱ ምስል | አርምቢያን | ትንሽ | ባለሙያ ይፈልጋል |
| ማክ ሚኒ ኤም1/ኤም2 | ከማክኦኤስ ውስጥ | ፌዶራ አሳሂ ሪሚክስ | ትንሽ | ጥገናና የማይጨምር ሚሞሪ |
| ስናፕድራገን ኤክስ | እንደ ሞዴሉ | ኡቡንቱ | ትንሽ | ድጋፉ አልተሟላም |
| አምፔር አልትራ | ተራ ፍላሽ | ዴቢያን፣ ኡቡንቱ | ብዙ | ዋጋ |

ለማን የትኛው?

ደብዳቤ ለሚጽፍ፣ ፒችትሪ ለሚጠቀምና በዩኤስቢ ፕሪንተር ለሚያትም ቢሮ መልሱ «ከአርም አንዱንም» ነው። ያገለገለ የኢንቴል ላፕቶፕ ይግዛ፤ ገንዘቡም ይተርፋል፣ መለዋወጫውም እዚሁ ይገኛል።

አሥር ወይም ሃያ ኮምፒውተር ለሚያስፈልገው የትምህርት ቤት ላብ ባለ 8 ጊጋባይት ፓይ 5 ከኤስኤስዲ ጋር ተገቢ ምርጫ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሃርድዌር ስለሚሆኑ አንዱን አሰናድቶ የዲስኩን ምስል ወደ ሌሎቹ መቅዳት ይቻላል። አፕት ካቸር የተባለውን ፕሮግራም በአንዱ ላይ መጫንም አይረሳ፤ ማሻሻያው ከኢንተርኔት አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ በተወሰነ ዳታ ለሚሠራ ትምህርት ቤት የልዩነቱ መጠን ቀላል አይደለም።

ኪውጂአይኤስና አር ለሚጠቀም የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ ወይም ለሶፍትዌር ሠሪ፣ ባለ 16 ጊጋባይት ማክ ሚኒ ከተገኘ ከሌሎቹ ይቀድማል። ይሁንና አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አሳሂም ሆነ የፓይ 5 ነባሪ ከርነል ሚሞሪን በ16 ኪሎባይት ገጽ (ቁራጭ) ከፋፍለው ነው የሚያስተዳድሩት፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ 4 ኪሎባይትን ብቻ ታሳቢ አድርጎ ተጽፏል። ፓይ ላይ ከርነሉን ወደ 4 ኪሎባይቱ መመለስ ቀላል ነው፣ አሳሂ ላይ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ስለዚህ ሥራው የተመሠረተበት ፕሮግራም አስቀድሞ ይፈተሽ።

ለረጅም ጊዜ ሳይነካ መሥራት ያለበት ሰርቨር፣ ለምሳሌ የአንድ የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበር የመዝገብ ማሽን፣ ከፌዶራ ይልቅ በዴቢያን ወይም በኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ እትም) ቤተሰብ ላይ ይቁም። ኡቡንቱ 24.04 መደበኛ የ5 ዓመት ድጋፍ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2025 ጀምሮ ያለው ዴቢያን 13ም ከተራዘመው ድጋፍ ጋር ወደ 5 ዓመት ይዘልቃል። ዴቢያን 64 ቢት አርምን በይፋ መደገፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ስለሆነ ለአዲስ መጤነት የሚሠጋበት አይደለም።

ማክ ላይ ለመጫን የወሰነ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሌላ ማክ ያለው ሰው በከተማው ውስጥ ይፈልግ። መጫኑ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ወይም ክፍልፍሉ ተበላሽቶ ማሽኑ አልነሣ ካለ፣ መመለሻው መንገድ ሁለቱን በዩኤስቢ ሲ ገመድ አገናኝቶ ፈርምዌሩን እንደገና መጻፍ ነው። ያ ደግሞ በርካታ ጊጋባይት ያወርዳል፤ ጥሩ ኢንተርኔት ያለበት ቦታና ዩፒኤስ ላይ የተሰካ ማሽን ይዞ መጀመር ይሻላል።